የዳማ ልጆች በሽማግሌ እጅ

ነገሩ የተጀመረው በእኔ ጎመን ላይ ነው። የኦቦ ጋሩማ ውሻ ሌንጫና የእትዬ ወሰኔ ውሻ ዳማ የተገናኙት ከጋሩማ ግቢም አይደለም፣ ከወሰኔ ግቢም አይደለም፤ ከሁለቱ መሀል ካለው ከእኔ ግቢ፣ ገና በወጉ ቅጠል ካልዘረጋው የጎመን መደብ ውስጥ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ሽማግሌ ዘንድ ሲደርስ ምስክርም፣ ሽማግሌም፣ ተበዳይም ሆኜ ተቀመጥኩ። ምስክርነቴንና ሽምግልናዬን ተቀበሉኝ። የጎመኑን ነገር ግን እስከ ዛሬ ያነሳልኝ የለም።

ዳማ አምስት ወለደች፤ ሁለት ወንድ፣ ሦስት ሴት። ገና የልጆቿ ፀጉር በወጉ ሳይደርቅ ጋሩማ ብረት ከምበይድበት በር ላይ መጥቶ ቆመ። ጋሩማ ድሮ የመንገድ ሥራ ግሬደር ነጂ ነበር፤ በወለጋ ያለ ኮረብታ ሁሉ በእሱ እጅ የተደለደለ የሚመስለው ጡረተኛ ነው። ጉሮሮውን ጠረገና ከቡችሎቹ ድርሻውን እንደሚፈልግ ነገረኝ። የቀለደ መሰለኝ። ሌንጫ በሰፈራችን በቡርቃ ጃቶ ያልወለደበት ግቢ የለም፤ የሰፈሩ ውሻ ግማሹ የሱን ጆሮ ይዞ ነው የሚዞረው። ጋሩማ ግን ከአንዱም ቤት አንድ ቡችላ ጠይቆ አያውቅም። እንዲያውም ሰው ሊሰጠው ይዞ ሲመጣ የሌለ መስሎ ከውስጥ ዝም የሚል እሱ ነበር። ይህንኑ ስነግረው፣ ያ ሌላ ይሄ ሌላ ብሎኝ ሄደ። ጡረታ ሰውን እንዲህ ያደርጋል አልኩና መነጽሬን መልሼ አጠለቅሁ።

የዳማ ባለቤት እትዬ ወሰኔ አባቷ ከጎጃም በእግሩ መጥቶ ነቀምቴ የቀረ ነው። እሷ ግን የተወለደችው እዚሁ፣ ከገበያው ጀርባ ነው። አማርኛዋ የአባቷ፣ ኦሮምኛዋ የገበያው ነው፤ ስትቆጣ ባንዱ ትጀምርና በሌላው ትጨርሳለች። ባሏ ስንሻው ከሞተ ወዲህ ከዳማ ጋር ብቻዋን ትኖራለች። አንድ ልጇ ነብዩ ደብረ ማርቆስ አስተማሪ ነው፤ ከአባቱ ቀብር ጀምሮ ነይ ይላታል። በዚያ ሰሞን ደግሞ መንገዱ ተከፍቷል የሚል ወሬ ሰምቶ፣ ሳይዘጋ ነይ ብሎ በስልክ ይዟታል። ቤቷን ለአንዲት ነርስ ለማከራየት ተስማምታ ዕቃዋን መቋጠር ጀምራ ነበር። ሰፈሩም "እትዬ ወሰኔ አገሯ ልትገባ ነው" ይል ነበር። አገሯ የተባለውን ከተማ በዕድሜዋ አንዴ ነው ያየችው፤ እሱንም ለሠርግ ሄዳ፣ ከድንኳን ሳትወጣ።

ለምን እንደምትሄድ ግን ማንም ጮክ ብሎ አይጠይቃትም። እሷም ጮክ ብላ አትናገርም። ልጄ ናፍቆኛል ትላለች፤ እኛም ልጅ ይናፍቃል እንላለን።

የጋሩማን ሚስት ሶረቲንም ማወቅ አለባችሁ፤ አለዚያ ነገሩ ሁሉ የውሻ ነገር ይመስላችኋል። ሶረቲ ደም ግፊት ጥሏት ከተነሳች ወዲህ ቀኝ ጎኗ አይታዘዛትም። ከቋንቋም የቀረላት አንዲት ቃል ናት፤ "ኤዬ"። እሺ ማለት ነው። ለዝናቡም ኤዬ ነው፣ ለጸሎቱም ኤዬ ነው፣ ለጋሩማ የመንገድ ታሪክም ኤዬ ነው። ጠዋት ጠዋት ወሰኔ በእኔ ግቢ አቋርጣ ትሄድና ፊቷን ታጥባታለች፣ ፀጉሯን ጎንጉና ታስይዝላታለች፣ ከዚያ ታጎርሳታለች። ጋሩማ ማንኪያ ይዞ ሲቀርብ ሶረቲ ጥርሷን ትነክሳለች። ልጆቻቸው የላኩላቸው ሠራተኛ ሞክራ ነበር፤ ገንፎው በአገጯ ላይ ሲወርድ እያየች አንድ ሳምንት አልቅሳ ወደ አገሯ ወደ ጉቴ ተመለሰች። ሶረቲ የምትበላው ከወሰኔ እጅ ብቻ ነው። ምክንያቱን ሐኪሙም አላወቀው፣ እኛም አላወቅነው።

ለሽምግልናው ጋሩማ ኦቦ ዋቅወያን አመጣ። ዋቅወያ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ነው፤ ዓይኑን ጨፍኖ ስለሚናገር ማን እንደተቃወመው፣ ማን እንዳንቀላፋበት አያይም። ወሰኔ መሪጌታ ይባቤን አመጣች። መሪጌታ ከዜማ ቀጥሎ የሚወዱት የከብት ሕግ ነው፤ በእሳቸው ዘንድ በርቢ፣ ጥጃዋን ለመካፈል፣ የተሰጠች ላም የማትፈታው ችግር የለም። ሦስተኛው እኔ በያጁ ታፋ ነኝ። የተቀመጥነውም በእኔ በረንዳ ነው፤ ወንበር ያወጣሁም እኔ፣ ወንበር ያስገባሁም እኔ።

ገና ከመቀመጣችን ጋሩማ ተነሥቶ ከአጥሬ ሥር እርጥብ ሣር ነጨና በሁለት እጁ ለዋቅወያ አቀረበ። እኛ ዘንድ ሣር የተያዘበት ጉዳይ ጨዋታ አይደለም። ሣሩን የሰጠ ሰው ነገሩ ሳያልቅ ከሽማግሌ ፊት ዘወር አይልም፤ ከተማም አይለቅም። ቢለቅ ምርቃት የለውም፣ ምርቃት የሌለው መንገደኛ ደግሞ ምን እንደሚገጥመው ማንም ሊሞክረው አይፈልግም። ይህን ሣር የድሮ ሰዎች አጉል ልማድ ነው እያለ ሲነቅፍ የኖረው ራሱ ጋሩማ ስለነበር፣ ዋቅወያ ዓይኑን ገልጦ አየው። ለአምስት ቡችላ ሣር አይበዛም ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ጋሩማ ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። ወሰኔም ጎንበስ ብላ የራሷን ሣር ነጨችና ለመሪጌታ ሰጠች። እንግዲህ ሁለቱም ታሰሩ፤ እኛም አብረን።

ደንቡ ለማንም ግልጽ ነው። የሴቷ ባለቤት ታሳድጋለች፣ የወንዱ ባለቤት መጀመሪያ ይመርጣል፣ ከዚያ በየተራ ያነሣሉ። ይህን ነገርናቸው። ወሰኔ ይምረጥ አለች። እኔ ወንበሬን ላስገባ ብድግ ስል፣ ጋሩማ ዓይኑን ያልገለጠ ቡችላ አልመርጥም አለ። ያየኸው እሱ ሳያይህ እንዴት ይሆናል፣ ዕውር ቢሆንስ፣ እያለ ብዙ ተናገረ። መሪጌታ ነገሩን ከጥጃ ጋር አስተያዩትና እውነት አለው አሉ። ዓይናቸው እስኪገለጥ ቀጠሮ ሰጠን።

ዓይናቸው ተገለጠ። ደህና ያያሉ፤ እንዲያውም ከኦቦ ዋቅወያ ይሻላሉ። ጋሩማ አሁን ደግሞ አምስት ለሁለት አይከፈልም አለ። ሦስቱን ውሰድ አልነው፤ የመበለት ድርሻ በላ አስብሎ መንደር የሚያስወራብኝ ማነው ብሎ ተቆጣ። እንግዲያውስ ሁለት ውሰድ አልነው፤ የእኔ ውሻ ከማን ያንሳል ብሎ ባሰበት። አንዱን ለሌላ ሰው እንስጥ ስንል፣ የሌንጫ ዘር ለማያውቀው ሰው አይሄድም አለ፤ ዘሩ በየገበያው ተበትኖ እያየነው። እኔ ሳቄን መያዝ አልቻልኩም። ወሰኔ ግን አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም። ቀጠሮው ስንት ቀን ይርቃል ብላ ብቻ ጠየቀች።

በዚህ መሀል ሁለቱ ተኳርፈዋል። እንደ ደንቡ ሣር የሰጠ ባለጉዳይ ከባላጋራው ጋር አይነጋገርም። ወሰኔ ግን ሶረቲ ዘንድ መሄዷን አልተወችም። ጠዋት በእኔ ግቢ ታልፋለች፤ የጋሩማን በር ትገፋለች፤ ጋሩማ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሳለ እንደ ምሰሶ አልፋው ትገባለች። አንድ ቀን የበራቸውን ማጠፊያ ልበይድላቸው ሄጄ ይህን ጨዋታ በጆሮዬ ሰማሁት። ወሰኔ ሶረቲን እያበጠረች፣ ጋሩማ ከውጭ እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታወራታለች።

"ሶረቲ፣ ለባልሽ ንገሪልኝ። መድኃኒትሽን ትናንት ማታ አልሰጠሽም።"

"ኤዬ" አለች ሶረቲ።

"በጣም ሰነፍ ነው በይው።"

"ኤዬ።"

ከውጭ ጋሩማ ደግሞ ግድግዳውን እያየ፣ መድኃኒቱ ማለቁን፣ ዛሬ እንደሚገዛ፣ ሰው ሳያጣሩ መናገር ኃጢአት መሆኑን ለሌንጫ ነገረው። ሌንጫ ጆሮውን አከከ። እኔ ማጠፊያውን በየድኩና ምንም እንዳልሰማ ሰው ወጣሁ። በዚህ ዕድሜያቸው ብዬ ሳቅሁባቸው እንጂ አላስተዋልኩም።

በሦስተኛው ቀጠሮ መሪጌታ መላ አመጡ። በጋራ የተገዛች ላም አንድ ወር ከአንዱ ዘንድ፣ አንድ ወር ከሌላው ዘንድ ታድራለች አሉ። እንግዲያስ ሁለት ሁለት ይውሰዱና አምስተኛዋ፣ ትንሿ ሴት፣ የጋራ ትሁን። ወሰኔ የምትሄድ ከሆነ ተራዋን ለጋሩማ ትተውለታለች፤ አለቀ። ጥሩ መላ መሰለኝ። ጋሩማም ከወንበሩ ብድግ ብሎ ተቀበለው፤ እንዲህ ተደስቶ አይቼው አላውቅም። ግን ተራ አይተውም አለ። የጋራ ንብረት ከከተማ አይወጣም፣ ባለቤቱም ተራው ሲደርስ በቦታው መገኘት አለበት፣ አዴ ወሰኔ በየሁለት ወሩ እዚህ መገኘት አለባት፣ አለዚያ የጋራ አይባልም አለ።

ዋቅወያ ዓይኑን ገልጦ ወደ እኔ ተመለከተ። ወሰኔ የነጠላዋን ጫፍ ታያለች። እኔ ግን ነገር ቶሎ የማይገባኝ ሰው ነኝ፤ ተቆጣሁ። አንተ ሰውዬ፣ ይህቺ ሴት መንገድ ላይ ናት፤ በቡችላ ምክንያት አግተሃታል፤ ዳኝነታችንን መጫወቻ አድርገኸዋል፤ ነገ መጥቼ ብቻህን አናግርሃለሁ አልኩት። ና አለኝ።

በማግሥቱ ወሰኔ ሶረቲን አብልታ ስትመለስ ጠብቄ ሄድኩ። ጋሩማ በረንዳው ላይ ነበር፤ ሶረቲ አጠገቡ በተደገፈ ወንበር ተቀምጣለች፤ ፀጉሯ አዲስ ተሠርቷል፣ አፏ ተጠርጓል። ለስድብ ያዘጋጀሁትን ሁሉ ተናገርኩ። ስስታም አልኩት፣ ነገረኛ አልኩት። እንዲህ ያለ ክርክር የሚከራከር በጉቴ ገበያ እንኳ የለም አልኩት። እስክጨርስ ጠበቀኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

"ቅሪ ልበላት እንዴ፣ ታፋ? ቅሪ ብያት አንድ ነገር ብትሆን፣ ለነብዩ ምን ብዬ እመልሳለሁ? በማን ተማምኜ ነው ቅሪ የምላት?" አለኝ።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

"ሂጂ እንዳልላት ደግሞ…" ወደ ሶረቲ ዞሮ መደገፊያዋን አስተካከለላት። ከዚያ፣ "ስለዚህ ስለ ቡችላ እከራከራለሁ። በቡችላ መከራከር ማንንም አያስጠይቅም" አለ።

"ኤዬ" አለች ሶረቲ፤ እሷ ለሁሉም እንዲሁ ናት።

ተነሥቼ ወጣሁ። መንገዱ አጭር ነው፤ በር ከፍቼ በር መዝጋት ነው። ያን ቀን ግን ግቢዬ ስደርስ መበየጃዬን አላነሣሁም። የማውቀው ሰው አንድ ነገር ፈርቶ ሌላ ነገር ሲጮህ ሰምቼ፣ ስጮህበት ነበር የከረምኩት። ይህንን ለዋቅወያ ልነግረው ሄድኩ። ሰፈሩ ሥጋ ቤት በር ላይ አገኘሁት፤ ሰማኝና፣ ሣር ሲነቅፍ የኖረ ሰው ለቡችላ ብሎ ሣር አይነጭም እኮ አለኝ። ቀድሞ ገብቶታል። ለመሪጌታ ማን እንደነገራቸው አላውቅም፤ ብቻ በሚቀጥለው ቀጠሮ ጠዋት፣ የማኅበር ቀን ነው፣ መገኘት አልችልም ብለው ላኩ። ከዚያ ወዲያ ባለው ደግሞ ዋቅወያ ቀብር አለብኝ አለ። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ወገቤን ያዘኝ ብዬ ቀረሁ። በእርግጥ ወገቤ ያመኛል፤ ያን ቀን ግን ደህና ነበርኩ።

ቡችሎቹ አደጉ። የወሰኔን የታሰረ ዕቃ ገመድ በጠሱ፤ የነርሷን ጫማ፣ ቤቱን ልታይ መጥታ በር ላይ ያወለቀችውን፣ ይዘው ጠፉ። ነርሷም እስከ መቼ ነው የምጠብቀው ብላ ጠየቀች። ወሰኔ ጉዳዬ በሽማግሌ እጅ ነው አለቻት። ለነብዩም ሲደውል ያንኑ ትለው ነበር፤ በአጥራችን በኩል እሰማታለሁ። ልጄ፣ ሣር ሰጥቻለሁ፣ ምን ላድርግ ትለዋለች። ድምፅዋ ላይ የማዘን ነገር እፈልጋለሁ፤ አላገኝም።

መንገዱ ተዘጋ ተባለ፣ ተከፈተ ተባለ፣ በአጀብ ነው ተባለ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ወሰኔ ራሷ ከቤት ቤት ዞራ ሦስታችንንም ጠራችን፤ ጋሩማንም በስሙ ጠራችው። ኩርፊያውን ስትተው ያኔ ነው ክፉ ነገር እንዳለ የገባኝ። በእኔ በረንዳ ተቀመጥን። ቡችሎቹ እግራችን ሥር ይራኮታሉ። ወሰኔ አልተቀመጠችም።

"ሽማግሌዎች፣ እኔ ለቅቄያለሁ" አለች። "አምስቱም የኦቦ ጋሩማ ናቸው።"

ጋሩማ የሰማው አልመሰለውም። ሦስቴ አስደገማት። ከዚያ አልቀበልም አለ። ግማሹ የሷ ነው፣ ሁለቱ ይበቃኛል፣ የቀሩትን ሦስት አልበላም፣ የሰው ሐቅ ግቢዬ አላስገባም አለ። ይህን ያህል ጊዜ በሦስትም በሁለትም አልስማማ ሲል የከረመ ሰው፣ አሁን ያቺን ትንሿን ቡችላ አንሥቶ ያዙልኝ፣ ይቺ እንኳ የሷ ትሁን፣ ሁለቱን ወንዶች ይዛ ትሂድ፣ እያለ ከአንዳችን ወደ አንዳችን ዞረ። መሪጌታ ጢማቸውን ይዘው ብዙ አሰቡ። የከብት ሕጋቸውን ሁሉ እንደሚያገላብጡ አውቃለሁ። መጨረሻ ላይ፣ ከሳሽ የጠየቀውን ካገኘ፣ ተከሳሽም ካልተከራከረ፣ ክስ የሚባል የለም አሉ፤ ሲናገሩት ለራሳቸውም ደስ አላላቸውም።

"አዴ ወሰኔ፣ ማሎ" አለ ጋሩማ፤ እባክሽ ማለቱ ነው።

"ሣሩን ስትነጭ ያን ቀን ገብቶኛል" አለችው። "እኔስ ለምን የነጨሁ መሰለህ? ለልጄ ጉዳይ አለብኝ የምለው ነገር ሰጠኸኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ግን ነብዩ ራሴ መጥቼ እወስድሻለሁ ብሏል። ነገ ከነገ ወዲያ እነሳለሁ ብሏል። እሱ በዚያ መንገድ ከሚመጣ እኔ ብሄድ ይሻለኛል።"

እናት ልጄን አላስመጣም ስትል ምን ይባላል? ጋሩማ ቡችላዋን እንደታቀፈ ወንበሩ ላይ ተመለሰ። እሱም አባት ነው።

ከዚያ ያልጠበቅሁት ሆነ። ዋቅወያ፣ ዓይኑን ሳይጨፍን፣ የዳማስ ጉዳይ እንዴት ነው አለ፤ እናቲቱ በክፍፍሉ ውስጥ አልነበረችም፣ ይህ አዲስ ጉዳይ ነው፣ ቀጠሮ ያስፈልገዋል አለ። ወሰኔ ዳማ ከልጆቿ ጋር ትሁን አለች። መሪጌታ ወዲያው ያዙት፤ በአጥራችሁ መሀል ያለው አቮካዶ የማን ነው፣ ሥሩ በአንቺ ቅርንጫፉ በታፋ ነው አሉ። ለታፋ አለች። ከእኔም አፍ ነገር ወጣ፤ የስንሻው መሰላል እኔ ዘንድ ነው፣ ከመሄድሽ በፊት ማየት አለብሽ፣ አንዱ እርከን ላልቷል፣ መበየድ አለበት አልኩ። የእንጨት መሰላል መሆኑን ስናገር ረስቼዋለሁ። ተቀመጥበት አለችኝ። ጋሩማ ብቻ ምንም አላመጣም። የሚያመጣውን ሁሉ ቀድሞ ጨርሶታል።

"እንግዲህ መርቁኝ" አለች።

ሣሩ ተመለሰ፤ ዕርቁ ሆነ። ምርቃት መከልከል አንችልም፤ እሷም ያለ ምርቃት አትወጣም። ዋቅወያ በኦሮምኛ ጀመረ። መኪናውን መረቀ፣ ጎማውን መረቀ፣ ሾፌሩን መረቀ፣ የሾፌሩን እናት መረቀ። ከነቀምቴ መውጫ ተነሥቶ ኡኬን መረቀ፣ ጉቲንን መረቀ። እኛ አሜን እንላለን። ጊዳ አያናን አልፎ ወደ ዓባይ ሲወርድ ጋሩማ እጁን አነሣ። ከወንዙ በፊት ያለው ጠመዝማዛ ቀርቷል አለ፤ እሱን ጠርጌዋለሁ፣ አውቀዋለሁ፣ ክፉ ነው፣ ለብቻው ይመረቅ። ዋቅወያ ተመልሶ ጠመዝማዛውን መረቀ። ከሱ ቀጥሎ አንድ የሚንሸራተት ቁልቁለት አለ ብሎ ጋሩማ ጨመረ። እሱም ተመረቀ። ድልድዩ በስሙ ተመረቀ፣ ጋሩማ አሜን አለ፤ ድምፁ ከሁላችንም ይበልጥ ነበር።

ከዓባይ ማዶ ጋሩማ ነድቶ አያውቅም፤ ዋቅወያም አልሄደበትም። መሪጌታ ተቀበሉና በአማርኛ ቀጠሉ፤ ቡሬን፣ ፍኖተ ሰላምን፣ ደምበጫን፣ በየመሀሉ ያሉትን ደብሮች ሁሉ በየታቦታቸው። አንድም አልዘለሉም። ወሰኔ ራሷን ዝቅ አድርጋ ቆማለች። እግሯ ሲደክም አጥሩን ያዘች እንጂ ይብቃ አላለችም። ምርቃቱ ደብረ ማርቆስ ገባ፤ ወደ ልጇ ሰፈር፣ ወደ ልጇ በር ደረሰ፣ በሩ ተከፈተ፣ እናትና ልጅ ተሳሳሙ። አሜን አልን።

መሪጌታ እስትንፋሳቸውን ሳቡና ወደ እኛ ዞሩ። ጋሩማ ወደ እኔ፣ እኔም ወደ ዋቅወያ አየሁ። ከዚያ በር ወዲያ እሷን ለማቆየት የምንመርቀው፣ የምናውቀው አገር አልነበረንም።